የቤተሰብ ሐኪሙን በጊዜ እንጠይቅ፦ በየካ አባዶና በአካባቢው ከሚነሱ የወረርሽኝ ጊዜ ጥያቄዎች

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በሽታው ኢትዮጵያ መግባቱ በላቦራቶሪ ምርመራ ተረጋገጠ። መጋቢት 27 ቀን በበሽታው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የኮቪድ-19 ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ተመደበ። በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና በእንጦጦ ተራራ ሥር ለሚኖረው ሕዝብ ወረርሽኙ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ያበቃው ያን ጊዜ ነው።

ወረርሽኝ ሲመጣ ጥያቄም አብሮት ይመጣል። መጠየቅ ራሱ ከመከላከያ መንገዶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ለሐኪም ጥያቄውን የሚያቀርበው በቅድሚያ ጎረቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱንና በስልክ የሚዘዋወረውን መልእክት ከጠየቀ በኋላ ነው። በዚህ መካከል የሚያልፉት ሦስትና አራት ቀናት በአንዳንድ ሕሙማን ላይ የሞትና የሕይወት ልዩነት ያመጣሉ። የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት አንድ ነው፦ በጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ ሕይወት ያተርፋል፤ የዘገየ ጥያቄ ግን ትክክለኛ መልስ ቢያገኝም ላይጠቅም ይችላል።

የትምህርቱ ዓላማ

አንባቢው ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቅ፦

• በቤት ውስጥ ሊታከም የሚችለውን ሕመም ሐኪም ዘንድ መድረስ ካለበት ሕመም ለመለየት፣
• በጠባብ ቤት ውስጥ ሕሙምን ለይቶ ለማስታመም፣
• የቤት ውስጥ መድኃኒት፣ ጸበልና የሐኪም መድኃኒት እያንዳንዳቸው የሚገኙበትን ቦታ ለመረዳት፣
• የዘወትር ሕክምናን በወረርሽኝ ጊዜ ሳያቋርጡ ለመቀጠል ይችላል።

የቤተሰብ ሐኪም ማን ነው?

የቤተሰብ ሐኪም ሕፃኑንም፣ እናቱንም፣ አያቱንም በአንድ ላይ የሚያውቅ ሐኪም ነው። የሚመረምረው አንድን የአካል ክፍል ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ከነቤቱ፣ ከነሥራውና ከነታሪኩ ነው። በአገራችን ይህ የሕክምና ዘርፍ በስፔሻሊቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የሠለጠኑት ሐኪሞች ቁጥር ገና አነስተኛ ነው። ስለዚህ በብዙ ሠፈሮች የቤተሰብ ሐኪምን ሥራ የሚሠሩት በጤና ጣቢያ ያሉ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ እንዲሁም ቤት ለቤት የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። በዚህ ትምህርት «ሐኪሙ» ሲባል እነዚህን ሁሉ ያመለክታል።

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ ያለ ባለሙያ በየካ አባዶ፣ በኮተቤና በእንጦጦ ሥር ባሉ መንደሮች ሊቀርቡለት ከሚችሉት ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ጥያቄ 1፦ «ዶክተር፣ ይህ ጉንፋን ነው ወይስ ኮሮና?»

ሐኪሙ በቅድሚያ የሚናገረው እውነት፣ ሁለቱን በዓይን አይቶ ወይም ግንባር ዳስሶ መለየት እንደማይቻል ነው። ትኩሳት፣ ሳል፣ ድካም፣ የጉሮሮ ሕመምና ራስ ምታት በሁለቱም ይታያሉ። የማሽተትና የመቅመስ ስሜት በድንገት መጥፋት ወደ ኮቪድ-19 ያመለክታል፤ ሆኖም ይህ ምልክት ስላልታየ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ቫይረሱ በሰውነቱ እያለ ምንም ምልክት የማይታይበት ሰውም አለ። እርግጠኛውን መልስ የሚሰጠው ምርመራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ ይተካዋል፦ «ምርመራው እስኪደርስ ድረስ ቤት ውስጥ ማንን መጠበቅ አለብን?» የጉንፋን ምልክት የታየበት ሰው ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ በሽታው እንዳለበት ሰው ይጠንቀቅ። ከሥራ፣ ከገበያና ከቤተ እምነት ይቅር፤ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ይሸፍን፤ ከአረጋውያን ይራቅ፤ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ምክር ይጠይቅ። ጉንፋን ሆኖ ቢገኝ የጠፋው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ኮቪድ-19 ሆኖ ቢገኝ ግን የዳነው የቤተሰብ አባል ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የማይዘነጋ ሌላ በሽታ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። የኮሮና ምርመራ ውጤቱ «ነጻ» የሆነ ሰው ሳሉ ካልተወው የአክታ ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። በወረርሽኝ ጊዜ ሳል ሁሉ አንድ ስም ስለሚሰጠው፣ ነቀርሳ ከኋላው ተደብቆ ሊያድግ ይችላል።

ጥያቄ 2፦ «አምስት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖራለን፤ እንዴት እንለያይ?»

ቀላል ምልክት ያለበት ሕሙም በቤቱ ተለይቶ እንዲያገግም ይመከራል። ምክሩ ሰፊ ቤት ላለው ቀላል ነው። የስቱዲዮ ወይም የባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን «የት ልለይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐኪሙ የሌለ ክፍል አያዝዝም፤ ባለው ክፍል ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል።

• አየር ይግባ። ቫይረሱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይከማቻል። ቀን ቀን መስኮትና የበረንዳ በር ይከፈት፤ ሌሊት ብርድ ቢሆንም ጥቂት ክፍተት ይተው፤ ብርድ ልብስ ይጨመር። ወደ ጋራ ደረጃው የሚከፈተው በር ግን ይዘጋ።
• ሕሙሙ ከመስኮቱ አጠገብ ይተኛ። ከሌሎቹ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራቅ። ይህ ካልተቻለ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል እንዲሆን ተደርጎ ይተኛ፤ በመካከል መጋረጃ ይጋረድ።
• አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ወጣት፣ ጤናማና ሥር የሰደደ ሕመም የሌለበት ቢሆን ይመረጣል። ሕሙሙም አስታማሚውም በአንድ ክፍል ሲሆኑ ጭምብል ያድርጉ።
• በአንድ መሶብ መብላት ለጊዜው ይቅር። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ በእነዚህ ቀናት ግን ፍቅር የሚገለጸው በተለየ ሳህን ነው።
• አዛውንትና ብርቱ ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል የሚያርፍበት ሌላ የዘመድ ቤት ካለ፣ ከሕሙሙ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ይሂድ። ከተገናኘ በኋላ ግን በሽታውን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ባለበት ይቆይ።

በወረርሽኙ ጊዜ በነበረው መመሪያ የመለያው ጊዜ ምልክቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ 10 ቀን ሲሆን፣ በዚያ ላይ ያለ ትኩሳትና ያለ ሕመም ስሜት የሚቆይበት ቢያንስ 3 ቀን ይጨመር ነበር።

ውኃ በሚቋረጥበት ቀን እጅ መታጠብ አይቋረጥ። ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲዘነበል በቀጭኑ ስለሚፈስ፣ በጥቂት ውኃና በሳሙና ለ20 ሰከንድ መታጠብ ይቻላል። የበር እጀታ፣ የመጸዳጃ ቤት ቧንቧና የደረጃ መደገፊያ በበረኪና ይጸዱ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት በረኪና ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውኃ ይበረዛል። የተበረዘው በዕለቱ ይለቅ። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ማጽጃ ኬሚካል ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይደረግ።

ጥያቄ 3፦ «ትንፋሼ የሚያጥረው ከደረጃው ነው ወይስ ከበሽታው?»

አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ወይም ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሰው ትንፋሽ ማጠር እንግዳ ነገር አይደለም። ሐኪሙ የሚጠይቀው የትላንቱን ነው፦ «ይህንኑ ደረጃ ባለፈው ሳምንት ሲወጡ እንዲህ ይሆኑ ነበር?» ያለወትሮ ደረጃው ከከበደ፣ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ከተቋረጠ፣ ወይም ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ካጠረ ነገሩ የደረጃው አይደለም።

ኮቪድ-19 ሌላ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። አብዛኛው ሕሙም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። የሚብስበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚብስበት ምልክቱ ከጀመረ ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ ክትትል ማቆም አይገባም። በአንዳንዱ ሰው ደግሞ የደሙ ኦክስጅን ወርዶ እያለ ትንፋሽ ማጠሩ አይሰማውም። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መለኪያውን ሲያነቡ የአካባቢውን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የጤናማ ሰው ልኬት በቆላ ካለው ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለሆነም መለኪያው ያለው ቤተሰብ ጤና ሳለ የየራሱን ልኬት አስቀድሞ ቢመዘግብ ይጠቅማል። ሲታመም ቁጥሩ ከ94 በታች ከሆነ ወይም ከተለመደው ልኬቱ ከወረደ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይደወል። ከ90 በታች ከሆነ ድንገተኛ አደጋ ስለሆነ ሕሙሙ ኦክስጅን ወዳለበት ሕክምና ተቋም ይወሰድ። ጥፍር ላይ ያለ ቀለምና የቀዘቀዘ ጣት ልኬቱን ያዛባሉ፤ ቀለሙ ይለቅ፣ እጅም ይሙቅ። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሕሙሙ ከከበደው ግን የሚታመነው ሕሙሙ ነው።

ጥያቄ 4፦ «ዳማ ከሴና ጭስ አይበቃም?»

እናቶች ሕሙም ሲያስታምሙ ዳማ ከሴ ይጨምቃሉ፤ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያፈላሉ። ሐኪሙ ይህን አያንቋሽሽም። ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያለዝባል፤ ሰውነት በትኩሳት ያጣውን ፈሳሽ ይተካል፤ ማር ሳልን ያስታግሣል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ስሕተቱ ያለው በመጠጣቱ ላይ ሳይሆን፣ «ጠጥቻለሁና አልመረመርም» በማለቱ ላይ ነው። እነዚህ ዕፅዋት ቫይረሱን ከሰውነት እንደሚያጠፉ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም።

ጭስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። ይህ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከተማዋን ከመታው ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ይነገራል። «የኅዳር በሽታ» የተባለው ያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የገደለው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፣ በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። የዚያን ዘመን ሰዎች በሽታው ከመጥፎ አየር የሚመጣ መስሏቸው ነበር፤ በዚያ ዕውቀት ቆሻሻን ማስወገዳቸው መልካም ሐሳብ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ግን በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን ነው። ጭስ ቫይረሱን አይገድለውም፤ የታመመ ሳንባን ግን ይጎዳል። ከልማዱ ጠረጋውን መያዝ፣ ጭሱን መተው ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ሕሙሙን ለማሞቅ ወይም ለማጠን በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ተኝቶ ሳለ የተመረዘ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የፈላ ውኃ እንፋሎት መታጠንም ብዙ ጊዜ ሕፃናትን ለቃጠሎ ስለሚዳርግ አይመከርም።

ጥያቄ 5፦ «ጸበል እየጠጣሁ መድኃኒት ልውሰድ?»

ለእንጦጦ አካባቢ ሰው ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት በጀመረበት ዘመን፣ ፈውስ ፈልገው ወደ እንጦጦ የጸበል ሥፍራ የመጡ ብዙ ሕሙማን ነበሩ። ከእነርሱም መካከል መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ይህ ምክር የብዙ ምእመናንን ጭንቀት አቅልሏል።

ዛሬም መልሱ ያው ነው። ሐኪሙ ሕሙሙን ከእምነቱና ከመድኃኒቱ አንዱን እንዲመርጥ አያስገድደውም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰድ፤ በጸበል ሥፍራ መጨናነቅና አንድ ጽዋ መቀባበል ይቅር፤ የትኩሳትና የሳል ምልክት ያለበት ሰው ወደ ጉባኤ አይሂድ፣ ጸበሉ በየራሱ ዕቃ ወደ ቤቱ ይምጣለት። መስጊድ ለሚሄደውም፣ ጸሎት ቤት ለሚሄደውም ምክሩ አንድ ነው።

ጥያቄ 6፦ «መድኃኒት ቤት ገዝቼ ብውጥስ?»

አሞክሳሲሊንና አዚትሮማይሲን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮች የሚገድሉት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። ያለ ምክንያት የተወሰደ አንቲባዮቲክ ለኮቪድ-19 አይጠቅምም፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርግና በሚቀጥለው ጊዜ በእውነት ሲያስፈልግ እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ዴክሳሜታዞን ሌላው በስሕተት የሚገዛ መድኃኒት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ መድኃኒቱ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ ሕሙማንን ሞት በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን የሚሰጣቸውን ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ ታወቀ። ወሬው በፍጥነት ሲዛመት የጥናቱ ሁለተኛ ግማሽ ተረሳ፦ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን መድኃኒቱ ጥቅም አልሰጠም። ዴክሳሜታዞን የሰውነትን የመከላከል ኃይል ያዳክማል፤ የስኳር ሕሙማንን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። መድኃኒቱ ሕይወት የሚያተርፈው በሆስፒታል፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ሲሰጥ ነው።

በቤት ላለ ቀላል ሕመም ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ምግብና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ አይውሰድ። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ 7፦ «በሽታው እንዳይይዘኝ ክትትሌን ባቋርጥስ?»

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በዝምታ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀር ሰው አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። የደም ግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በስትሮክ ሊወድቅ ይችላል። ኢንሱሊን ያቋረጠ የስኳር ሕሙም በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የነቀርሳ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ያፈራል። እነዚህ ሰዎች ቢሞቱ በኮቪድ-19 ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ የወረርሽኙ ሰለባዎች ግን ናቸው። ከዚህም በላይ ያልተቆጣጠሩት ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው በቫይረሱ ሲያዝ የመጽናት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱን መውሰዱ ከኮቪድ-19 ራስን መጠበቂያም ነው።

ሐኪሙ የሚመክረው መንገድ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ይደወል። ሕመሙ የተረጋጋ ሰው የበርካታ ወራት መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጠው ይጠይቅ። በቀጠሮው ቀን ጭምብል አድርጎ፣ ታክሲው ውስጥ መስኮት አስከፍቶ፣ ያለ አጃቢ ይሂድ። ትኩሳት ወይም ሳል ካለበት ከመሄዱ በፊት ይደውል።

ነፍሰ ጡር እናት የእርግዝና ክትትሏን አታቋርጥ፤ በጤና ተቋም መውለዷም አይቅር። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ቀጠሮ አይጠብቅም። የሕፃናት ክትባትም እንዲሁ በልደት፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር ይሰጥ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወረርሽኙ በነበረበት ወቅት አገራችን 15 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናትን ለመድረስ ያለመ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ያካሄደችው፣ ኩፍኝ ኮሮና እስኪያልፍ ስለማይጠብቅ ነው።

ጥያቄ 8፦ «ክትባቱን ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ?»

በኮቫክስ በኩል የተገኘው የመጀመሪያው የአስትራዜኔካ ክትባት፣ ቁጥሩ 2.2 ሚሊዮን ገደማ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ክትባቱ መሰጠት የጀመረው በሽታው በአገራችን በተረጋገጠበት ዕለት ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ሲሆን፣ ተከትለውም አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው እንዲከተቡ ተደርጓል።

የክትባቱ ዋና ጥቅም ብርቱ ሕመምንና ሞትን መቀነሱ ነው። የተከተበ ሰው በቫይረሱ ላይያዝ ይችላል የሚል ሙሉ ዋስትና የለም፤ ስለዚህ በወረርሽኙ ጊዜ ጭምብሉና ርቀቱ ቀጥለው ነበር። ሁለተኛው መጠን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወሰድ ነበር። ከክትባቱ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የክንድ ሕመም፣ ትኩሳትና ድካም ሊሰማ ይችላል፤ ይህ ሰውነት መከላከያውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ከአራት ቀን በኋላ የሚጀምር የማይተው ብርቱ ራስ ምታት፣ የደረት ወይም የሆድ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ይህን የማይደብቀው፣ የተነገረው ሰው በጊዜ ስለሚመጣ ነው።

ጥያቄ 9፦ «ጎረቤት ቢሰማስ?»

አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጥያቄ የሚቀርበው በመጨረሻ፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ድምፅን ዝቅ አድርገው ነው። ሕሙሙ የሚፈራው ሳሉን ብቻ አይደለም፤ የጋራ ደረጃውን፣ አከራዩን፣ አሠሪውን፣ ዕድሩን ይፈራል። በዚህ ፍርሃት ምርመራ ይቀራል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሕሙሙ ትንፋሹ እስኪቋረጥ ይደበቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው በሕሙሙ ላይ ብቻ አይፈረድ፤ እንዲደብቅ ያደረገው ሠፈርም ድርሻ አለው።

ሐኪሙ የሕሙሙን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከሕሙሙ ጋር የተገናኙ ሰዎች ሲፈለጉ ዓላማው እነርሱን መርዳት እንጂ ሕሙሙን ማጋለጥ አይደለም። ጎረቤት ደግሞ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነው፦ ጀሪካን ውኃ ቀድቶ በር ላይ ማስቀመጥ፣ አስቤዛ ገዝቶ ማድረስ፣ በየቀኑ ስልክ ደውሎ «እንዴት አደራችሁ?» ማለት። ኀዘን ቢደርስ ዕድሩ ለቅሶውን በስልክና በጥቂት ሰው፣ ከቤት ውጭ በተዘረጋ ድንኳን፣ ጎኑ ተከፍቶ ሊያካሂድ ይችላል። ኀዘንተኛን ማቀፍ መቅረቱ ልብ ይሰብራል፤ ሌላ ለቅሶ እንዳይጨመር ግን ይደረጋል።

ፈጽሞ የማይዘገይባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቀጠሮ ወይም ንጋት ሳይጠበቅ 8335 ወይም 952 ይደወል፤ ለአምቡላንስ 907 ይጠራ፦

• ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ማጠር ወይም ዐረፍተ ነገር መጨረስ አለመቻል፣
• የማይተው የደረት ሕመም ወይም ጫና፣
• መቃዠት፣ መፍዘዝ፣ ከእንቅልፍ አለመንቃት፣
• የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር፣
• ሕፃን ሲሆን መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ ሲተነፍስ የጎድን ሥር መሰርጎድ።

ማጠቃለያ

በዘጠኙ ጥያቄዎች ውስጥ የሐኪሙ መልስ በሁለት ክፍል ይመጣል። አንደኛው ዛሬ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ነው፤ ሁለተኛው ነገ የማይባልበት ምልክት ነው። አንባቢ የመጀመሪያውን ለመሥራት፣ ሁለተኛውንም ለማወቅ የሐኪም ዲግሪ አያስፈልገውም። ዕውቀት እየጨመረ ሲሄድ አንዳንዱ ምክር ሊሻሻል ይችላል፤ መመሪያ ሲለወጥ የቀድሞውን ይዞ ከመከራከር ደውሎ አዲሱን መጠየቅ ይበጃል። የጤና ጣቢያው ስልክ ቁጥርና የዘወትር መድኃኒቶች ስም በወረቀት ተጽፎ በቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል የቤተሰብ አባልም ቦታው ይነገረው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ አንድ ሰው ዛሬ ቢታመም የሚተኛው የት ነው? የሚያስታምመው ማን ነው?
2. በቤታችሁ ሳይቋረጥ መወሰድ ያለበት መድኃኒት ያለው ማን ነው? የቀረው የስንት ቀን ነው?
3. በደረጃችሁ ወይም በዕድራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ? በየቀኑ የሚደውልላቸው ማን ይሁን?
4. በሠፈራችሁ ሕሙም እንዲደበቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? እናንተ ልትለውጡት የምትችሉት የትኛውን ነው?